ማኅተሙ እንዳይነካ

እናቲቱ ትራሳቸውን ገልበጥ አድርገው በአበባማ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ልጃቸው ጭን ላይ አኖሩት። «ይኸውልህ» አሉ፤ «ሳንባዬ እዚህ ውስጥ ነው።» ነጭ የወረቀት ፖስታ ነው። አፉ ላይ የአንድ ክሊኒክ ክብ ተለጣፊ ማኅተም አለ፣ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ የሳቸው ስምና የዛሬ ሁለት ዓመት ቀን በእጅ ተጽፏል። ውስጡ ሲዲ መሆኑ ሲዳሰስ ይታወቃል። ልጅየው ፖስታውን አየ፣ እናቱን አየ፣ መልሶ ፖስታውን አየ። ትናንት ከሰዓት ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ደረትዎን ተነስተው ያውቃሉ? አሮጌ ምስል የለም?» ብሎ ሲጠይቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ የነበሩት እኚሁ እናቱ ናቸው። «ምነው ትናንት ዝም አልሽ?» አላቸው። «ማኅተም አለበታ!» አሉ እናት፣ እንደ መቆጣት ብለው። «ማኅተም ያለበት ነገር አይነካም ያልከን አንተ አይደለህ? እኔ አልነካሁትም። እንደሰጡኝ ነው ያለው።»

እውነታቸውን ነው። በሠፈሩ ስሙ ዋስትና ነው፤ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። የሚሠራበት ሱቅ የአንድ ኩባንያ ዕቃ ብቻ ይሸጣል። ላፕቶፑም፣ ቻርጀሩም፣ የሲዲ ማንበቢያውም የኩባንያው ነው፣ ሁሉም የኩባንያው ልዩ መሰኪያ ስላለው እርስ በርሱ እንጂ ከሌላ ዘመድ ጋር አይገጥምም። የዋስትና ሥራ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ብሎኑ ላይ የብር ቀለም ያላት ትንሽ ማኅተም መለጠፍ፣ በአውራ ጣቱ አየሩን አስወጥቶ ማሸትና «ይህች ከተነካች ዋስትና የለም» ማለት ነው። በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚባል ነገር ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይቀርም፤ ተከትሎ ቤት ይገባል። አዲሱ ፍሪጅ የመጣ ጊዜ ላስቲኩን ለሦስት ወር አላስልጥም ብሎ፣ እህቱ ቅቤ ባወጣች ቁጥር ፍሪጁ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ ከርሟል። የመድኃኒት ጠርሙስ ሲከፈት እንኳ «ቀኑን አይታችኋል?» የሚል እሱ ነው። እንግዲህ እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንባቸውን በሻሽ ጠቅልለው ቢተኙበት፣ ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሐኪሙ በእናቲቱ ግራ ሳንባ ላይ አተር የምታህል ጥላ አይቷል። «ጥላዋ አሮጌ ከሆነችና ካላደገች አልነካትም፣ አብረው ያርጃሉ» ብሏል። «አዲስ ከሆነች ግን ከነገ ወዲያ ጠዋት እከፍታለሁ። የሳቸው ልብ ለቀዶ ጥገና የሚመች ልብ አይደለም፤ ሳላውቅ ትቼ ከምጸጸት ግን ከፍቼ ባይ ይሻለኛል። የከነገ ወዲያው ዝርዝር ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል።» አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሻንጣቸው በር ሥር ተሸክፎ ቆሟል፤ ነጠላ ጫማቸው በላዩ ላይ።

ዋስትና ማኅተሙን ሳይቀድ በፖስታው ጎን በምላጭ ሰንጥቆ ሲዲውን አወጣ። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ ካለው ጥቁር ከረጢት የራሱን የሲዲ ማንበቢያ አወረደ። ማንበቢያው ከተገዛ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ያነበበው ግን አራት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ገላው እንደ መስታወት ያበራል። የእህቱ የስፌት መኪና አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ላፕቶፕ ከፈተና የማንበቢያውን መሰኪያ አስጠጋ። አይገባም። እንደማይገባ ያውቃል፤ ኩባንያው አምና መሰኪያውን ከሰፊ ወደ ጠባብ የለወጠው «ለእርስዎ ምቾት ሲባል» እንደሆነ በራሱ አፍ ለስንት ሰው አስረድቷል። አሮጌውን ላፕቶፑንም «አሮጌውን አምጡ፣ አዲሱን በቅናሽ ውሰዱ» የተባለ ጊዜ መጀመሪያ ተሰልፎ ያስረከበው እሱ ነው። እያወቀም ግን አዙሮ ሞከረው፣ ገልብጦም ሞከረው። እህቱ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ታየው ነበር። ከእሱ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ምላሷ ግን ታላቅ ነው።

«የእናንተው ዕቃ ለእናንተው ዕቃ እምቢ አለ?» አለችው።

«አዳፕተር አለው። ከሱቅ አመጣለሁ።»

«እኔ ይህቺን መኪና ከገዛኋት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች፣ የመኪናዋን አንገት መታ መታ እያደረገች። «መርፌ ሲሰበርብኝ ማዕዘኗ ላይ ካለችው ኪዮስክ እገዛለሁ። የማን ፋብሪካ መርፌ እንደሆነ አላውቅም፣ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ትሰፋለች።» ይህን ብላ ፔዳሉን ረገጠች፤ መኪናዋም መልሱን በጩኸቷ ዋጠችው። እናት ከአልጋቸው «እኔን እንደሆነ አትቸኩሉብኝ» አሉ። ዋስትና ሲዲውን ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ማንበቢያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

ሱቅ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በሩ ላይ አንዲት መምህርት ላፕቶፕ እንደ ሕፃን አቅፋ ቆማለች። ላፕቶፑ አልነሳም ብሏታል፤ የተማሪዎቿ የዓመቱ ውጤት ውስጡ ቀርቷል፤ ዋስትናው ሊያልቅ ደግሞ ሁለት ወር ይቀረዋል። ዋስትና ገልብጦ ሲያይ የብሯ ማኅተም መሐል ለመሐል ተቀድዳለች። «ተከፍቷል» አላት። «አቧራ ነው ያስጠረግሁት። እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሲያስቸግረኝ» አለች። «ማን ጠረገው?» አላላትም፤ ያውቃል። በመስኮቱ ላይ በራሱ እጅ ጽፎ «በውጭ ጠጋኝ የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» የሚለውን የለጠፈው ማንን ብሎ እንደሆነ መንገዱ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ ሠፈር ብሎን ብለው ከሚጠሩት ሽማግሌ በስተቀር ሌላ ጠጋኝ የለም። «ማኅተሙ ከተነካ ዋስትና የለም፣ መምህር» አለ። ይህን ሲል አንድ እጁ ደረት ኪሱን ይዳስሳል። «እስቲ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ተመልሰው ይጠይቁ።» ሥራ አስኪያጁ ምን እንደሚል ያውቃል፤ ከፊቱ ዘወር እንድትልለት ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ መጋዘን ገባ። አዳፕተር የለም። ወደ ኩባንያው ስልክ ቢደውል አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ጥያቄዎን መዝግበናል፤ በሃያ አንድ የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አለችው። ይህን ንግግር ቃል በቃል ያውቀዋል፤ በቀን ስንቴ ይለዋል። ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሲሰማው ግን ለካ እንዲህ ነው የሚቆረቁረው። «እናቴን ነገ ሊቀዷት ነው» አላት። ለስላሳዋ ድምፅ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» አለች። ሆስፒታሉ ጋ ደወለ፤ ነርሷ «በፍላሽ አምጡልን፤ የሲዲ ቦታ ያለው ኮምፒውተር ከቀረ ቆይቷል» አለችው። ምስሉን ያነሣው ክሊኒክ ጋ ደወለ፤ ማሽኑን ቀይረዋል፣ የአምናው ምስል እንጂ የካቻምናው እነሱ ዘንድ የለም። አሮጌውን ላፕቶፕ የሸጠላቸው ደንበኞች ጋ ደወለ፤ አንዱ ሸጦታል፣ አንዷ እንደሱው በቅናሹ ለውጣዋለች፣ አንዱ ደግሞ «አንተ ነህ? እስቲ ስለ ቻርጀሬ...» ብሎ ሲጀምር ስልኩን ዘጋበት።

እግሩ መሬት አልያዝ አለ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ነበር፤ ልጅቷ ኮምፒውተሩን በጎኑ አዙራ አሳየችውና «ጌታዬ፣ ይሄ ቀዳዳ እንኳ የለውም» አለችው። አምስት ሰዓት ላይ የፎቶግራፍ ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሰማያዊ መጋረጃና በተሰበረ ጃንጥላ መሐል፣ የጋብቻ ፎቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሙሽራው ሦስት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ ደገሙለት፤ ዋስትና በእያንዳንዱ ብልጭታ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ፎቶ አንሺው የቆየ ኮምፒውተሩን ከሥር ስቦ አወጣና ሲዲውን አጎረሰው። ማሽኑ አዞረው፣ አዞረው፣ እንደገና አጉረመረመና ተፋው። «ዓይኑ ደክሟል» አለ ፎቶ አንሺው፤ «ብሎን ጋ ሞክረሃል?» ዋስትና ሲዲውን ተቀብሎ ወጣ። ከዚያ ሁለት የኢንተርኔት ቤትና አንድ የሙዚቃ ሱቅ ዞረ፤ በሦስቱም ቦታ ተመሳሳይ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ብሎን ጋ ሞክረሃል? አንድ ቦታ በእግሩ፣ አንድ ቦታ በሚኒባስ፣ መልሶ በእግሩ፤ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት፤ ብብቱ ሥር ያለው ማንበቢያ ላብ በላብ ሆኗል። እህቱ ስልክ ደውላ «እማዬን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ልወጣ ነው» ብቻ ብላ ዘጋች። አገኘህ ወይ አላለችም። ቢጠየቅ ይቀለው ነበር። ሰዓቱ ሰባት ከሃምሳ ሲሆን እግሩ ራሱ ወደማይፈልገው ቦታ ወሰደው።

የብሎን ሱቅ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው። ጎንበስ ብለው ይገቡበታል፣ ቀና ካሉ ጭንቅላት ይመታል። ግድግዳው ላይ የተሰደሩት የሲዲ ማንበቢያዎች ብቻ ሃያ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተዋል። ብሎን ፀጉሩ የሸበተ፣ መነፅሩን በክር ያሰረ ሰው ነው፤ ያንን ማስታወቂያ በየቀኑ ጠዋት ሲያልፍ ያነበዋል። ዋስትናን ሲያይ የያዘውን መበየጃ አስቀመጠ።

«ተቀመጥ» አለው። «ወንበሩ ዋስትና የለውም እንጂ ይችልሃል።»

ዋስትና ቆሞ ነገሩን ተናገረ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አተሯ፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓት። ብሎን ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ ሲዲውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አየውና «ደህና ነው፣ አልተጫረም። ያስቀመጠው ሰው ይባረክ» አለ።

«ያንብቡልኛ፣ ጋሼ። ይሄ ሁሉ ማንበቢያ እያለ!»

«እነዚህ ሙት ናቸው፤ ደህና ቢሆኑ እኔ ጋ ምን ያመጣቸዋል? የሚያነብ አንድ ነበረኝ፣ ባለፈው ሳምንት ገዙኝ። ገመድ ሞልቶኛል፣ ዓይን ነው ያጣሁት። ያንተ ደግሞ ዓይኑ አዲስ ነው፣ ገመድ ነው ያጣው።» እጁን ዘርግቶ ከግድግዳው አንዱን አወረደና ጀርባውን አሳየው፤ ከዚያ ሌላ አወረደ፣ ሌላም። «እይ፤ ሦስት ፋብሪካ ናቸው፣ ጀርባቸው ግን አንድ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር እንዲህ አልነበረም። ያንዱን ማንበቢያ የገዛ የዚያኑ ፋብሪካ የማገናኛ ካርድ ካልገዛ ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። ስንቱን ደንበኛ ባዶ እጁን መልሻለሁ። በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሰለቻቸውና ተቀምጠው ተስማሙ፤ መሰኪያው ይሄ ይሁን፣ የኮምፒውተሩ ትዕዛዝም እንዲህ ይሁን፣ ተጽፎ ይቀመጥ፣ የፈለገ አንብቦ ይሥራ ተባለ። እንደኔ ያለ ሰው ከደረጃ ሥር ሆኖ ልጆች ያሳደገው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«የኛ ግን መሰኪያው...»

«የእናንተ ቅርፊቱ ነው። ውስጡን ኩባንያህ የሠራው አይመስለኝም። እንደነዚህ ያለውን ገዝቶ ነው ቅርፊት ያለበሰው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ከየት አምጥቼ? ከፍቼ አላውቅም። ማን ያስከፍተኛል?» አለ ብሎን። አለና ማንበቢያውን ገልብጦ፣ ብሎኖቹን የሸፈነችውን የብር ማኅተም ለዋስትና አሳየውና፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጠፈ። «ይህቺን አንተ ቅደዳት። እኔ ከቀደድኳት ነገ ሁለተኛ ማስታወቂያ ትለጥፍብኛለህ።»

ዋስትና ማኅተሟን ያውቃታል። የራሱ አውራ ጣት ነው የለጠፋት፤ ጥጓ ላይ ያለችው ትንሽ እጥፋት እንኳ የእሱ ናት። ጥፍሩን ጥጓ ላይ አሳረፈ፤ ጥፍሩ ቆመ። በልቡ ቀኑን ቆጠረ፤ ልማድ ነው፣ ማኅተም ሲነካ ቀን ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲጨርስ የማንበቢያው ዋስትና ካለቀ ሰባት ወር ሆኖታል። እንግዲህ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም፤ ቢቀደድ የማያስከፍል፣ ማንም የማይጠይቀው ማኅተም ነው። ጣቱ ግን አሁንም እምቢ አለው። ይኼኔ እናቱ ታዩት፤ ፖስታውን ሁለት ዓመት ትራሳቸው ሥር አድርገው፣ በሳሉ ቁጥር በእጃቸው ዳሰስ እያደረጉ፣ ሳይከፍቱ፣ ልጄ ብሏል ብለው። ዓይኑን ጨፈነና ሳባት። ማኅተሟ እንደ ደረቀ ቆዳ ቀጭን ድምፅ አሰማች፤ ግማሿ ጥፍሩ ሥር ቀረች።

ብሎን አራቱን ብሎኖች ፈታ። ቅርፊቱ ሲነሣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ከኩባንያው መሰኪያ ተነሥታ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ያረፈች አጭር ሽቦ አለች። ከሰሌዳዋ ወዲያ ያለው፣ ዋናው ማንበቢያ፣ ግድግዳው ላይ እንደተሰደሩት እንደ ሃያ ሰባቱ ነው። ብሎን «አላልኩህም?» አላለም፤ ሰሌዳዋን ነቅሎ ወዲያ አኖረና ከሚስማር ላይ አንድ ተራ ገመድ አውርዶ ሰካው። ገባ። ያለ ትግል፣ እንደ ቁልፍ በቤቱ። ሲዲው አንዴ አፏጨና ዝም ብሎ ዞረ፤ የብሎን አሮጌ ስክሪን ላይ የእናቱ ስም ወጣ፣ ከስሙ ሥር ደግሞ ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ደረታቸው። ዋስትና በስክሪኑ ላይ አተሯን ፈለጋት። ያገኛት መሰለው፤ እንደገናም ያጣት መሰለው። ትልቅ ትሁን ትንሽ ማወቅ አልቻለም። «እሱን ለሐኪሙ ተወው» አለው ብሎን፤ ምስሉን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ነቀለና መዳፉ ውስጥ አኖረለት። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። «ስንት ልክፈል?» ሲለው «ሂድ አቦ!» ብሎ በእጁ ገፋው፤ ዋስትና ቀና ሲል ጭንቅላቱን ደረጃው መታው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ እናትና ልጅ ሻንጣውን መሐላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። እህቱ ሲሮጥ ስታየው ፊቱን እንጂ እጁን አላየችም። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ፍላሹን ሰክቶ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ደረደረ፤ የትናንቱን በቀኝ፣ የካቻምናውን በግራ። በትንሽ መስመር ይህቺን ለካ፣ ያቺን ለካ፣ ተመልሶ ይህቺን ለካ። ከውጭ የጋሪ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እናቲቱ አዞረ። «እማማ፣ ይቺ ጥላ አሮጌ ተከራይ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ስንዝር አልተስፋፋችም» አለና ጠረጴዛው ላይ ካለው ዝርዝር በእስክሪብቶ አንድ መስመር ሰረዘ። «በስድስት ወር ተመልሰው ያሳዩኝ።» እናት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሲዲው ነው። «ማኅተሙን ቀደዳችሁት?» አሉ። «በጎኑ ነው የከፈትኩት፣ እማዬ» አለ ዋስትና። እህቱ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ ስላልቻለች ፊቷን በሻንጣው ደበቀች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ ብቻ እንዳልነበር ያስታውቃል። በሚኒባሱ ወደ ቤት ሲመለሱ መሐል መንገድ ላይ እህቱ የወንድሟን እጅ ስባ አገላበጠችና፣ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የተጣበቀችውን የብር ቁራጭ አየች። እጁን መልሳ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

እነሱን አድርሶ ሱቅ የተመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሊዘጉ ነበር። መምህርቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ፤ ተመልሰው ይምጡ ስላላት መጥታለች። ስታየው ተነሣች፤ በፊቷ ላይ የተዘጋጀ ክርክር ነበር፣ መንገድ ለመንገድ ስታጠናው የመጣችው ዓይነት። ዋስትና ግን ክርክሩን አልጠበቀም። ላፕቶፑን ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። ሥራ አስኪያጁ በውስጠኛው ክፍል በር ክፍተት ጀርባው ይታያል፤ ወረቀት እየፈረመ ነው። ዋስትና የታችኛውን መሳቢያ ሳበ፣ ከጥቅሉ አንዲት የብር ማኅተም ላጠ፣ በተቀደደችው ላይ አሳረፋት፣ በአውራ ጣቱም ከመሐል ወደ ጥግ፣ ከመሐል ወደ ጥግ እያደረገ አየሩን አስወጣ።

«ማነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ፣ ቀና ሳይል። «የማኅተሙ ነገርስ? ተነክቷል?»

ዋስትና የመቀበያውን ደረሰኝ እየጻፈ ነበር።

«አልተነካም» አለ። «እንደሰጠናቸው ነው ያለው።»